መድኃኒት አትወስድም

በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው የሆነው።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፤ ከትልቁ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አራት ቤተሰብ አንድ በርና አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ። እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። አባቷ ገና ሳትናገር ነው ያረፈው። እኔ እዚያው ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት እሠራለሁ። ልጄ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ኮሌጅ ጨርሳ በአንድ እንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ሆና ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወገቧን ያማት ጀመር። ሽንቷም ያቃጥላት ነበር። ይህንን የነገረችኝ በግድ ነው።

“ውኃ አትጠጪም እንዴ?” አልኳት።

“ሥራ ላይ አልጠጣም። ከጠጣሁ መነሣት ይመጣል። ከተነሣሁ ደግሞ አለቃዬ የት ሄድሽ ይለኛል። በቃ ተይው እማ፣ ያልፋል።”

አላለፈም። እኔም ጠበል ተሳልኩላት።

ልጄ በአራት ዓመቷ በሳንባ ምች ልትሞትብኝ ደርሳ ነበር። ተሸክሜ ጠበል ወሰድኳት፣ ዳነች። ያን ጊዜ አምኜአለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። ስለዚህ ወገቧን ሲያማት መጀመሪያ የመጣልኝ እርሱ ነው። ሰባት ቀን ልትጠመቅ፤ ሰባቱን ቀን ክኒን አፏ ላይገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ከአንድ ጣሳ ጠበል በቀር ምንም ላትቀምስ። ይህን ሥርዓት ካህን አልሰጠኝም። ጠበል ሰልፍ ላይ ከሚቆሙ ሴቶች የሰማሁት ነው። “ጠበልና ክኒን አንድ ሆድ ውስጥ አይስማሙም” ይላሉ። ሰማሁ፣ የራሴ አደረግኩት፣ ከሰማሁትም በላይ አጠበቅኩት።

“ሰባቱንም ቀን?” አለችኝ።

“ሰባቱንም።”

“እሺ።”

ልጄ ከሕፃንነቷ እሺ ባይ ናት። ጎረቤት ሁሉ በእርሷ ያመሰግነኝ ነበር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንወጣለን። ያካፋል። ተጠምቃ ስትወጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ነጠላዬን ደርቤላት ወደ ቤት እንመለሳለን፤ እርሷ ልብስ ቀይራ ጸጉሯን ልታደርቅ ጎረቤታችን ቤት ትገባለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ጎረቤታችን ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት። ለገሃር የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች። ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ግን ክፍት ነው። ልጄ የእርሷም ልጅ ናት ማለት ይቻላል። የጸጉር ማድረቂያ ስላላት ጠዋት ጠዋት ልጄ እዚያ መግባቷ ምንም አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወገቧ ቀለል አላት። በአራተኛው ቀን ማቃጠሉም ተወኝ አለች። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሰገድኩ። ለጎረቤቴም ቧንቧው ጋ አግኝቻት ነገርኳት።

“ጠበሉ ሠራላት” አልኳት።

ጎረቤቴ ባልዲዋ እስኪሞላ ዝም አለች። ከዚያ “አልሐምዱሊላህ” ብላ አንሥታ ገባች። እርሷ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ይህንንም አላስተዋልኩም።

በአምስተኛው ቀን ጠበል ሰልፍ ላይ ሳለን አስመለሳት። ባዶ ሆድ ነው፣ የወጣው ቢጫ ውኃ ብቻ ነው። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ሁለት ሴቶች ደግፈውልኝ ታክሲ ውስጥ አስገባናትና ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። ግሉኮስ አስተከለላት። ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠግቶ ጠየቃት።

“የምትወስጂው መድኃኒት አለ?”

የመለስኩት እኔ ነኝ። “መድኃኒት አትወስድም ዶክተር። ጠበል ላይ ናት።”

“የሕመም ማስታገሻስ? ከፋርማሲ የገዛችው፣ ሰው የሰጣት?”

“ምንም።”

ልጄን አየኋት። የግሉኮሱን ገመድ ታያለች። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ደምና ሽንት ሰጠች። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

“ይቀመጡ እናቴ። ክሬቲኒን የሚባል ነገር አለ። ጡንቻ ሲሠራ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ያጣራውና በሽንት ያስወጣዋል። ደም ውስጥ ሲጠራቀም ኩላሊቱ በደንብ እያጣራ አይደለም ማለት ነው። የእርሷ ከሚገባው እጥፍ ነው።”

ወረቀቱን አሳየኝ። ሁለት ነጥብ አራት ይላል። ጎኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ።

“ምክንያቱ ምንድን ነው?”

“እሱን ነው ያጣሁት። ስኳር የላትም። ግፊት የላትም። ያቃጥለኝ ነበር ትላለች፣ ሽንቷ ግን ንጹሕ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እንደግመዋለን። ከዚህ ከፍ ካለ ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት እልካታለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ እንደሁኔታው ነው። እጥበት የሚያስፈልጋቸው አሉ። ግን እዚያ አልደረስንም።”

እጥበት የሚለውን ብቻ ሰማሁ።

“የእኔን ኩላሊት አውጥታችሁ ስጧት” አልኩት።

“እናቴ፣ እዚያ አልደረስንም። አሁን ፈሳሽ በደንብ ትውሰድ።”

“ጾም ላይ ናት።”

“ጾሙን እናንተ ታውቃላችሁ። ሰውነቷ ግን ፈሳሽ ይፈልጋል።”

እሺ ብዬ ወጣሁ። በልቤ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሽንቷ ንጹሕ ነው ያለውንም ጠበሉ አጥቦት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ጠበል ይህን ካጠበ ኩላሊቷንስ ለምን ተወው? ይህን ስጠይቅ ነው የፈራሁት። ከዚያ በፊት እግዚአብሔርን እንዲህ ጠይቄው አላውቅም።

ማታ “ነገ ትችያለሽ?” አልኳት።

“እሺ” አለች።

በስድስተኛው ቀንም ወሰድኳት። በክንዴ ደግፌ። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ምንም አላቀመስኳት። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አድርጌዋለሁ።

ከጠበል መልስ እርሷ ተኛች። እኔ ሣጥኑን ከፍቼ ፎቶዎቿን አወጣሁ።

ያን ጊዜ ለገሃር አካባቢ በመኪና ይለመን ነበር። ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና፣ ጎኑ ላይ የበሽተኛው ትልቅ ፎቶ። “ወገኖቼ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል” ይላል ድምፁ። ታክሲ ስጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቻልኩትን እሰጥና አማትቤ እሳፈራለሁ። ታክሲው ሲነሣ እረሳዋለሁ።

መጀመሪያ የምርቃቷን ፎቶ አነሣሁ። ሰው የተመረቀች ልጅ ሲያይ ያዝናል ብዬ ነው። ከዚያ በጣም ጤነኛ ትመስላለች፣ አያምኑም ብዬ መለስኩት። ለሥራ ያስገባችውን ጉርድ ፎቶ አየሁ። አይኗ ፈራ ብሏል። እርሱን መረጥኩ። ልጄ መጋረጃው ማዶ ተኝታ ትተነፍሳለች፣ እኔ ሰው የሚያዝንበትን ፊቷን እመርጣለሁ። ፎቶውን በውዳሴ ማርያሜ ውስጥ አድርጌ ወደ ለገሃር ወረድኩ። ጎረቤቴ እዚያ ስለምትውል መኪናውን የሚያዘጋጁትን ሰዎች ታውቃለች ብዬ ነው።

ሸራዋ ሥር አገኘኋት። ለአንዲት ሴት የሕፃን ሹራብ እያሳየች ነበር።

“አንቺ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አለችኝ። “ልጄስ?”

“ተኝታለች። በመኪና የሚለምኑትን ታውቂያቸዋለሽ? ማን ጋ ነው የሚኬደው?”

“የትኞቹን?”

“ለኩላሊት።”

ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋት። አየችው። ሹራብ የምትገዛውን ሴት “ነገ ነይ የኔ እናት” ብላ ሸኘቻት።

“ይሄን ምን ልታደርጊው ነው?”

“መኪናው ላይ የሚለጠፍ ነው።”

“ልብ የለሽም አንቺ ሴት። ልጅቷ በሕይወት እያለች ፎቶዋን ይዘሽ ትዞሪያለሽ?”

“ሁለት ነጥብ አራት ነው። ሐኪሙ ምክንያቱን አጣሁት ብሎኛል።”

“መድኃኒት ትወስድ እንደሆን አልጠየቀም?”

“ጠይቋል።”

“ምን አልሽው?”

“አትወስድም አልኩት።”

ጎረቤቴ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ሻርፗን አወረደችው፣ መልሳ አደረገችው።

“እኔ ቤት ነው የምትውጠው” አለች።

አልገባኝም። “ምኑን?”

“ክኒኑን ነዋ። ጠዋት ጸጉሯን ልታደርቅ ስትገባ፣ ማታ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ። ሁለት ዓይነት ነው። ስኳር ቆርቆሮዬ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ጠበሉ ሳይጀመር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አደራ አለችኝ። የሰው አደራ እንዴት ልብላ? ደግሞስ ክኒን ነው፣ አረቄ አይደለ። ወላሂ ለክፋት አይደለም። አንቺ በጠበልሽ፣ እኔ በቆርቆሮዬ፣ በሁለት በኩል ብንይዛት ይሻላታል ብዬ ነው።” ከዚያ ድምፏ ተሰበረ። “ቧንቧው ጋ ጠበሉ ሠራላት ስትዪኝ ምን ልበልሽ? ደስታሽን ልቀማሽ?”

ሸራዋን አጥፋ ለጎኗ ነጋዴ አደራ ሰጠችና አብራኝ ወጣች። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዝ አድርጋ “አብሽሪ” አለችኝ።

ልጄ ነቅታ ነበር። ጎረቤቴ ቆርቆሮውን ይዛ ስትገባ አየችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

“ዙሪ” አልኳት። ዞረች።

ከቆርቆሮው ሁለት የክኒን እሽግ ወጣ። አንዱ ትልልቅ ነጭ ክኒን ነው። ሌላው ትንንሽ ቀይ ነው፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

“ነጩን ፋርማሲ ነው የሰጡኝ፣ ለማቃጠሉ” አለች። “ቀዩን የሥራ ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ። ለወገብ አሪፍ ነው ብላ። በቀን ሁለት ነበር። ቆሜ መሥራት ሲያቅተኝ… ማለቴ፣ አንዳንድ ቀን አራትም ወስጃለሁ።”

“በባዶ ሆድሽ?”

“ጾም አይደል?”

“በምን ትውጪው ነበር?”

የመለሰችልኝ ጎረቤቴ ናት።

“በምራቋ። ውኃ ላምጣልሽ ስላት ጾሜን ያስገድፈኛል ትለኛለች።”

ክኒኑን በምራቋ ትውጠው ነበር። እኔን ላለማሳዘን ክኒኑን ደበቀች፣ እግዚአብሔርን ላለማሳዘን ውኃውን ተወች። ሁለቱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ስለትሽ እንዳይፈርስብሽ።” ከዚያ ደግሞ “ብነግርሽ አትቆጪኝም። ታለቅሻለሽ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ” አለች።

ክኒኖቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሐኪሙ ሊወጣ ጋዋኑን እያወለቀ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፈታሁለት።

“ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን ዋሽቼዎታለሁ።”

እሽጎቹን አገላብጦ አነበበ። ጋዋኑን መልሶ ለበሰና ተቀመጠ።

“ስንት ቀን ወሰደች? በቀን ስንት?”

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። በምራቋ መዋጧንም ነገርኩት።

“ትናንት ይህን ቢነግሩኝ…” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ስለተወው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነጩን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። “ይሄ ለሽንት ኢንፌክሽን ነው። ሽንቷ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ይሄ መድኃኒት አንዳንዴ ኩላሊቱ ሳይጎዳ ቁጥሩን ብቻ ከፍ ያደርገዋል። ክሬቲኒኑ ወደ ሽንት ከሚወጣበት መንገድ አንዱን ይዘጋበታል። ኩላሊቱ እየሠራ ወረቀቱ ላይ የታመመ ይመስላል።”

“ስለዚህ ውሸት ነው? ቁጥሩ?”

“ቆይ እናቴ።” ቀዩን አነሣ። “ይሄኛው ሌላ ነው። ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ውኃ የሚጠጣ ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ቢወስደው ብዙ ጊዜ ይችለዋል። እሷ ግን በቀን አራት፣ ውኃ ሳትጠጣ፣ እያስመለሳት ነው። ይሄ ቁጥሩን ብቻ አይደለም፣ ኩላሊቱን ራሱን ይነካል። ጥማቱም ለብቻው ከፍ ያደርገዋል።”

“ከሁለት ነጥብ አራቱ ስንቱ የእውነት ነው?”

“አላውቅም። ሁለቱንም ዛሬ እናቁም። ውኃ ትጠጣ፤ አሁንም፣ ነገ ጠዋትም፣ ሳትጠማም ትጠጣ። ከዚያ ደግመን እንየው። ሽንቷ ካነሰ ወይም ካስመለሳት መሸ ነጋ ሳይሉ ያምጧት።”

ነገ ጠዋትም ሲል አይኔን እያየ ነው። ያን ቀን አልተረጎምኩትም።

በሳምንቱ ሲታይ ቁጥሩ ወደ አንድ ነጥብ ስድስት ወርዶ ነበር። በኋላም ትንሽ ወረደና ቆመ። ጤነኛ ከሚባለው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ያ ክረምት የተወው ጠባሳ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ በፊት ደሟ ታይቶ አያውቅምና። ዛሬም በየስድስት ወሩ ትመረመራለች። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ አልበላም። ለእጥበት አልደረሰችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በየቀኑ አመሰግነዋለሁ። ምስጋናዬ ግን ያንን ቀሪ ቁጥር አይነካውም። የቱ ከክኒኑ ነው፣ የቱ ከጥማቱ ነው፣ የቱ ከእኔ ነው? ይህን የሚለይ ምርመራ የለም።

ያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ከክሊኒኩ ተመልሼ ፎቶውን ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ለጸሎት ቆምኩ። አቤቱ ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ጠፋኝ። ልጄ ከሕመሙ ይልቅ እንባዬን ፈርታ ነው ልትሞትብኝ የደረሰችው። ይህን ይዞ ፊቱ እንዴት ይቆማል? ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሰባተኛው ቀን ነበር። እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ነቃሁ። ማታ አፍልቼ ካቀዘቀዝኩት ውኃ በትልቁ ብርጭቆ ሞላሁና አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ትከሻዋን ነካሁት።

“ልነሣ?” አለች።

“አይ። ጠጪ።”

ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። የምፈትናት መስሏታል።

“እማ፣ ጾም ነው።”

“ጠጪ ልጄ።”

እያየችኝ ጠጣች። እንባዬን ያዝኩት፤ ያን ጠዋት ለእርሷ ልሰጣት የቻልኩት እርሱን ነው። ሁለተኛውን ሞላሁላት፣ ጠጣች። የውኃውን ማሰሮ አጠገቧ ትቼ ነጠላዬን ለበስኩና ብቻዬን ወጣሁ። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ቆማ ነበር። እያየኋት አለፍኩ፤ ከኋላዬ ወደ ልጄ ስትገባ ሰማሁ።

ጠበል ሰልፉ ላይ ባለፈው ጊዜ የደገፉልኝ ሴቶች ነበሩ።

“ልጅሽስ?” አለችኝ አንዷ።

“ውኃ ጠጥታ ተኝታለች” አልኳት፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

በልጄ ተራ ቆምኩ። ከስለቴ የቀረው አንድ ቀን ነበር፣ የተሳልኩትም እኔ ነኝ። ውኃው ጀርባዬ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ዐወቅኩ። ካህኑ የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ የእርሷን ሰጠኋቸው።